ማንም ያላየኝ ዕለት

ማንም ሳያይዎት ያጠፉት ጥፋት ኖሮ «ልናገር ወይስ ልተወው?» ብለው ተጨንቀው ያውቃሉ? እኔ አውቃለሁ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2017 ነው። በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሄሊኮፕተር ማብረር እማር ነበር። ለአብራሪነት ፈቃድ ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት መብረርን ይጠይቃል። የኔን ሰዓታት የሚከፍለው ባለቤቴ ሌሊት እየሠራች የምትጥለው ዕቁብ ነበር።

ያን ዕለት ማለዳ ብቻዬን በረርኩ። የምማርባት ሮቢንሰን አር 22 ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ናት። ተማሪው በቀኝ፣ አስተማሪው በግራ ይቀመጣሉ። አስተማሪው ሲወርድ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያደላ የቀኙ እግሯ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ይህ አስቀድሞ ተነግሮኛል፤ መስማትና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ላርፍ ስል የቀኙ እግር ቀድሞ መሬት ነካ። ደንግጬ በግራ እጄ የያዝኩትን ማንሻ ወደ ላይ ሳብኩት፤ አንድ ሜትር ያህል ዘለለች። አሁን ደግሞ «ልትገለበጥብኝ ነው!» ብዬ ማንሻውን እስከ ታች ለቀቅሁት። ጓ! ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ።

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና ዙሪያዋን አየሁ። የተሰበረ ነገር አይታይም። ሜዳው ላይም ሰው የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ተማሪ ሊያበራት ተመዝግቧል። አልዋሽዎትም፣ ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

ለአስተማሪዬ ነገርኩት። ሳይቆጣ መካኒኩን ጠራ። መካኒኩ ተንበርክኮ የጭራዋን ከፍታ ከመሬት ለካ። ለካስ ሁለቱን እግሮች የሚያገናኙት አግዳሚ ቱቦዎች የተሠሩት ከባድ ምት ሲመጣ እየታጠፉ እንዲቀበሉት ነው፤ ሲታጠፉም ጭራዋ ወደ መሬት ይቀርባል። ከተፈቀደው በላይ ቀርቧል። «ዛሬ አትበርም» አለ። ያ ተማሪ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ያየን ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ቤት መግባቱ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ታወልቃለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የጥገናው ወጪ በእኛ ላይ ሊመጣ እንደሚችልም አልደበቅኳት።

«ከስንት ሜትር ነው የወደቅከው?» አለችኝ።

«ከአንድ ሜትር።»

«ታዲያ ከአልጋ ወደቅሁ በለኛ!»

ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ እጄ ላይ አረፈ፤ መንቀጥቀጡን አላቆመም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችው እርሷ ሆና ሳለ፣ ተነሥታ ቡና ጣደችልኝ።