የዘማቾቹ ቡና

ውድ አንባብያን! በዚህ ወር ልናካፍላችሁ የወደድነው ስለ አንድ ቤት ቡና ነው። ቤቱ የአባታችን ነው፤ ቡናውን የሚጠጡት ደግሞ በወጣትነታቸው ሩቅ አገር አብረው የዘመቱ ሰዎች ነበሩ። እኛ አምስት ወንድማማቾችና እህትማማቾች ያደግነው ያንን ቡና እያቀረብን፣ ወሬውንም ከጓዳ ሆነን እየሰማን ነው። ዛሬ ከእነዚያ ሰዎች መካከል በሕይወት ያለ የለም። ቡናው ግን አልተቋረጠም። ለምን እንዳልተቋረጠ ብንነግራችሁ በየቤታችሁ ላሉ አባቶችና ወንድሞች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ዘመቻውና ከዘመቻው በኋላ

አባታችን የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። እንደሚታወቀው በሰኔ 1942 ዓ.ም. የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እንዲረዱ ጠየቀ። ኢትዮጵያ በጣሊያን በተወረረች ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ሳይደርስላት መቅረቱ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። በመሆኑም መንግሥት ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ጦር ላከ። ሻለቃው በራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም «ቃኘው» ተባለ። የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ፑሳን ተጓዘ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖም ተዋጋ። ሌሎችም ቃኘዎች ተራ በተራ ተከተሉት። የተኩስ አቁሙ ስምምነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የሄዱትም ሲጨመሩ፣ ወደ ኮሪያ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ከ6,000 በላይ ናቸው። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። እስረኞች ሲለዋወጡ ግን ከኢትዮጵያውያን የተማረከ አንድም ሰው አልተገኘም።

ይህ በመጽሐፍ የተጻፈ ነው። ሰዎቹ ከተመለሱ በኋላ የሆነው ግን ብዙ አልተነገረም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ከሌሎች ጋር ሆነው የሞከሩት የመንግሥት ግልበጣ ሲከሽፍ በክፍሉ ላይ ብዙ ችግር ደረሰ፤ አብረው የዘመቱ ሰዎችም በየአቅጣጫው ተበተኑ። አባታችን የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው መርካቶ ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ጀመሩ። አንዱ ጓደኛቸው የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ሌላው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሌላው አናጢ ሆኑ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ደግሞ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። ሰሜን ኮሪያን ወግቻለሁ ብሎ በአደባባይ ማውራት የማይመች ነገር ሆነ። የአባታችን ሜዳይና ፎቶግራፎች ሣጥን ውስጥ፣ ከእናታችን ነጠላዎች ሥር ገቡ።

የወሩ የመጨረሻ እሑድ

ቡናው የተጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። ማኅበር ብለው ስም አልሰጡትም። «እሑድ ሃምሳ አለቃ ቤት ቡና አለ» ይባባላሉ፤ ያ ይበቃቸዋል። የቀበሌ ሰው ቢጠይቅ መልሱ ቡና ነው፤ ደግሞም ቡና ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሦስቱ ሙስሊሞች፣ ስምንቱ ክርስቲያኖች። ከወታደርነት ከወጡ ብዙ ዓመት ቢያልፍም እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት በማዕረጋቸው ነው። ጨርቅ የሚሸጡት አባታችን በዚያ ቤት ሃምሳ አለቃ፣ አናጢው ደግሞ አሥር አለቃ ናቸው።

በአገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሥጋ ያለበት ግብዣ ሁለት ማዕድ ይጠይቃል። እነርሱ ሁለት ማዕድ ስላልፈለጉ፣ በማንም ቤት ቢሰበሰቡ የሚቀርበው ሽሮና ምስር ነበር። አባታችን «ይህንን ከኮሪያ ነው ያመጣነው» እያሉ ይስቁ ነበር። የአሜሪካኖቹ የቆርቆሮ ምግብ ሲታደል፣ የአሳማ ሥጋ ያለበትን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይገፋው ነበርና ብስኩቱንና ባቄላውን አብረው ይካፈሉ ነበር። የዐስር ሶላት ወቅት ሲደርስ ሦስቱ ውዱእ አድርገው ወደ ውስጥ ይገባሉ። የቀሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠብቃሉ፤ የጀመሩትን ወሬ ግን ያለ እነርሱ አይጨርሱትም። ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ታዲያ ያ ቡና ምን ይሠራ ነበር?

አባታችን ከእኛ ጋር ለብቻቸው ሲሆኑ ስለ ጦርነቱ አያወሩም። ስንጠይቃቸው «ብርድ ነበር» ይሉና ያልፋሉ። ይህንን ቃል ለእናታችንም፣ ለእኛም፣ በኋላም ለልጅ ልጆቻቸው ደግመውታል። በዚያ ቡና ላይ ግን ያወራሉ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ምሽግ ለመቆፈር እንዴት እንዳስቸገረ፣ በሌሊት ቅኝት ጊዜ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደነበረ፣ ማን እንደፈራ፣ ማንስ እንዳለቀሰ ሳይተፋፈሩ ይናገሩታል። ያላየ ሰው ይደነግጣል ወይም ይታዘበኛል ብለው የሚሸሽጉትን፣ አብሮ ካየ ሰው ፊት መሸሸግ አላስፈለጋቸውም።

ከዚህም በላይ አንዱ የሌላውን ትዝታ ያርም ነበር። አንድ እሑድ ከመካከላቸው አንዱ ስለ አንድ ሌሊት ሲተርኩ፣ «ቁስለኛውን ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። አናጢው ሲኒያቸውን አስቀመጡና «አንተ እግሩን ነው የያዝከው። ያዘለው ሟቹ ነው» አሏቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይተው ተራኪው «እውነት ነው፤ እርሱ ነው» አሉ፤ የሟቹንም ስም ጠሩ። የቀሩትም አንድ በአንድ ስሙን ደገሙት። ሟቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ኮረብታ ላይ የወደቀ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበረው ወጣት ነው። ተራኪው ውሸታም ሰው አልነበሩም። ዓመታት ሲያልፉ ሰው የጓደኛውን ሥራ የራሱ አድርጎ ያስታውሳል። ያ ቡና ባይኖር ኖሮ የዚያ ወጣት ሥራ ሳይታወቅ ወደ ሌላ ሰው ይዞር፣ ስሙንም የሚጠራ አይኖርም ነበር።

ሌላው ጥቅሙ መጠያየቅ ነው። ከአሥራ አንዱ አንዱ ከቀረ ከእኛ አንዳችን ወደ ቤቱ እንላካለን። ታሞ ከሆነ በማግሥቱ ሁሉም እዚያ ናቸው። ከቡናው ረከቦት አጠገብ የስኳር ጣሳ ይቀመጥ ነበር፤ እያንዳንዱ የቻለውን ይጥልበታል፤ ማን ስንት እንደጣለ አይታይም። በዚያ ገንዘብ መድኃኒት ተገዝቷል፣ የትምህርት ቤት ደብተር ተገዝቷል። የአንዱ ባልቴት ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮው ከጣሳው ገንዘብ ተገዛ፤ አናጢውም ያለ ዋጋ መቱት። ከሦስቱ ሙስሊሞች የመጀመሪያው ወደ አኼራ ሲሄዱ ጀናዛውን ከመስጊድ እስከ መቃብር ከተከተሉት መካከል ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ነበሩ። አባታችንም የእነርሱ ልቅሶ ሲሆን ሱቃቸውን ዘግተው ይቀመጡ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዘማቾቹ በግልጽ መሰብሰብ ቻሉ። ሜዳዮቹ ከሣጥን ወጡ። በአዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ ለኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ቆመ፤ የወደቁትም ስም ተጻፈበት። በደቡብ ኮሪያም በቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያውያን የተሠራ ሐውልት አለ፤ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች የዘመቱ ወታደሮችን እየጋበዘ አገሩን ያሳያል። ከእኛ ቤት ቡና ጠጪዎች አንዱ ዕድሉን አግኝተው ሄዱ። ፍርስራሽ ሆኖ የተዉት አገር ሰማይ የሚነካ ሕንፃ ሞልቶበት አዩና፣ ፎቶግራፉን እያዞሩ «ይኸውላችሁ፣ በከንቱ አልቀረም» አሏቸው። ያን ዕለት ቡናው እስከ ማታ ቆየ።

ስልሳ ዓመት የጠበቀ ናፍቆት

ሰዎችን መልሶ ማገናኘት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሌላ አገር ዘማች ታሪክም እንረዳለን። በኮሪያ ከዘመቱት መካከል የቱርክ ብርጌድ ይገኝበታል። ከዚህ ብርጌድ ጋር የሄዱ ኢማሞች ለኮሪያውያን ኢስላምን እንዳስተዋወቁ ይታወቃል። ከወታደሮቹ አንዱ ሱለይማን ዲልቢርሊ ወላጆቿን ያጣች አንዲት ትንሽ ኮሪያዊት ልጅ ከጦር ሜዳ አግኝቶ «አይላ» ብሎ ጠራት፤ አገሩ እስኪመለስ ድረስም እንደ ልጁ አሳደጋት። ይዟት መሄድ ስላልተፈቀደለት ቱርኮች ለወላጅ አልባ ልጆች በከፈቱት ትምህርት ቤት ትቷት ሄደ። የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከተለያዩ ስልሳ ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። እርሱ ሽማግሌ፣ እርሷም አያት ሆነው በእንባ ተቃቀፉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ታሪካቸው በፊልም ወጣ፤ ሱለይማንም በዚያው ዓመት አረፉ። ይህ ሊሆን የቻለው የፈለጋቸውና ያገናኛቸው ሰው በመገኘቱ ነው። በራሱ የሚመጣ መገናኘት የለም።

የእኛ ድርሻ

በአባታችን ቤት አሥራ አንዱ ስምንት ሆኑ፤ ከዚያ አምስት፤ ከዚያ ሁለት። በመጨረሻ የቀሩት አባታችንና አናጢው ነበሩ። ሁለቱም ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር ብዙ አያወሩም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጣሉ። አባታችን ሲሞቱ አናጢው በዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጥተው ከመቃብሩ ዳር ቆሙ። አፈሩ ተመልሶ ሲያበቃ «ሃምሳ አለቃ፣ ቦታ ያዝልኝ» አሉ። እርሳቸውም ዓመት ሳይሞላ ተከተሉ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተጠራራን። ከአሥራ አንዱ ቤት የዘጠኙን አገኘን። አሁን ቡናው በየሦስት ወሩ፣ በየተራ በአንዳችን ቤት ይፈላል። ማዕዱ ዛሬም ሽሮና ምስር ነው። እያንዳንዱ ቤት ያለውን ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የማያውቀውን ፊት ሌላው ያውቀዋልና ስሙን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ እንጽፋለን። ያን የወደቀውን ወጣት በሦስት ፎቶግራፎች ላይ አግኝተነዋል። የስኳር ጣሳውም አለ፤ በሕይወት ላሉት ሁለት ባልቴቶች ይውላል።

ውድ አንባብያን! በሕይወት ያሉት የኮሪያ ዘማቾች ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ዘማች በየቤቱ አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን የተዋጉ አሉ። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲፈርስ ወደየቤታቸው የተመለሱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር የነበሩ፣ በቅርቡም ከ1ኛው ቀን ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ያለፉ ወጣቶች አሉ። ስለ ጦርነቶቹ ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል። ሆኖም ከዚያ የተመለሰው ሰው አባታችን፣ አጎታችን ወይም ወንድማችን ነው። ሲጠየቅ «ብርድ ነበር» ብሎ የሚያልፍ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ እንዲናገር አታስጨንቁት። ይልቅስ አብሮት የነበረውን ሰው ፈልጉለት። በየትኛው ክፍል እንደነበረ፣ ከማን ጋር በአንድ ምሽግ እንዳደረ ጠይቁ። ያ ሰው በሌላ ከተማ ቢሆን በስልክ አገናኟቸው፤ ቅርብ ከሆነ ቡና አፍሉና ጥሩት። ከዚያ እናንተ ወደ ጓዳ ግቡ። ወሬው እንዲቀረጽ ከፈቀዱ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ካልፈቀዱም ቡናውን ብቻ አቅርቡ።

ታማሚን መጠየቅ፣ ጀናዛን መሸኘት፣ የባልቴትን ቤት ማየት ዲናችን ያስተማረን ሥራ ነው። አብሮ የዘመተ ሰው ደግሞ ለእነዚህ ሁሉ ከማንም ቀድሞ የሚደርስ ጎረቤት ይሆናል፤ አድራሻው ካልጠፋ። አድራሻው እንዳይጠፋ መጠበቅ የልጆች ሥራ ነው።

አላህ ለሞቱት ወላጆቻችን ይዘንላቸው፤ በሕይወት ላሉትም ጤናን ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።