ጎንደር አንድ ሰዓት፣ እናቴ ቤት ስምንት ሰዓት

«ጎንደር እኮ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ናት!» አዲስ አበባ የምንኖር የጎንደር ልጆች ይህን ስንል ሳይሰሙን አይቀሩም። ውሸትም አይደለም። ከቦሌ እስከ አዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራውም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። በመኪና ግን መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከመሬቱ ነው። ደጋዎቻችን በገደልና በሸለቆ እንደተለያዩ ደሴቶች ናቸው። መኪናው ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ወደ ደጀን እንደገና ይወጣል። ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ ደግሞ ጣናን በምሥራቅ በኩል መዞር አለበት። ከጎንደር ላሊበላም እንደዚሁ ነው፤ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና ሲዞሩ ከ300 ያልፋል።

እናቴ የምትኖረው ግን ደባርቅ ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈው፣ ከሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ያገኟታል። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው ከበር እስከ በር ነው። ከቤቴ ቦሌ አንድ ሰዓት፣ ፍተሻና ጥበቃ ሁለት ሰዓት፣ በረራው አንድ ሰዓት፣ ሻንጣ ተቀብሎ ጎንደር ለመግባት አንድ ሰዓት፣ መኪና አግኝቶ ደባርቅ ለመድረስ ሦስት ሰዓት። ድምሩ ስምንት ነው።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ሲያርፉ ቀብራቸው ለስምንት ሰዓት ተቀጠረ። ባገኘሁት የመጀመሪያ ትኬት ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ፤ አምስት ተኩል ሳይሞላ አዘዞ ነበርኩ። ደባርቅ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። አውሮፕላኑ አንዲት ደቂቃ አልዘገየም ነበር።

«አንድ ሰዓት ብቻ» የሚለው ቃል የሚያዘናጋን ለዚህ ነው። ቅርብ ነው ስለምንል መሄዱን ከወር ወር እናስተላልፋለን። ክፉ ወሬ ሲመጣ ግን የቀኑ በረራ ሄዶ ይሆናል፤ ለጥምቀት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ወንበር ማግኘት ጭንቅ ነው።

ስለዚህ እርስዎም ወላጅ ዘንድ ሲሄዱ የማለዳውን በረራ ይምረጡ፤ ከሰዓት በኋላ አዘዞ ያረፈ ሰው ጎንደር ማደሩ አይቀርም። ትኬቱ ላይ 10:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ አራት ሰዓት መሆኑን ያስታውሱ። ከመነሳትዎ በፊት ከጎንደር ወዲያ ያለው መንገድ ሰላም መሆኑን፣ መኪና መኖሩን ደውለው ይጠይቁ። ለእናትዎም የሚነግሯት አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን ሳይሆን ደጇ የሚደርሱበትን ሰዓት ይሁን። አለበለዚያ ከረፋድ ጀምራ ቡናውን አቀራርባ፣ ደጅ ደጁን እያየች ትውላለች።

ከሁሉ በላይ፣ ደህና ሳለች ቀን ቆርጠው ይሂዱ። ስምንት ሰዓት ለለቅሶ ሲሆን ይረዝማል፤ ለጥየቃ ሲሆን ግን ጠዋት ተነስተው ማታ ከእሷ ጋር እራት የሚበሉበት መንገድ ነው።