ባለ ዘሩ ቡችላ

ጎረቤቴ ከጀርመን ቡችላ አስመጣ። ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ አንድ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ገና እንደወደቀ ነው። ዝርያው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ በ1899 እ.ኤ.አ. ሆራንድ የተባለ ውሻ መዝግቦ ያስጀመረው ነው። የዚህኛውም ቅድመ አያቶች በስም ከነመዝገብ ቁጥራቸው ተጽፈዋል። እኛ እኮ ሰባት ቤት ለመቁጠር ሽማግሌ እንጠራለን! ከቆዳው ሥር ባለ 15 አኃዝ ማይክሮቺፕ አለው። ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ላኩልኝ ማለትማ ዘበት ነው፤ በአውሮፓ ሕግ ከ12 ሳምንት በፊት የተሰጠ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አይቆጠርም። እኔ ብሆን ከወረቀቱ ይልቅ የእናቱን ጠባይ እጠይቅ ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ ግን የዘር ሐረጉን ገልብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ሌባ ሲመጣ ይሄን ያሳየዋል?» አሉት።