የጣና ባሕር ነፋስና ማዕበሉ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሚሻገር መንገደኛ የጣናን ባሕር በማለዳ ሲያየው እንደ መስተዋት ነው። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ገጹ ሁሉ ይሸበሸባል፤ ማዕበሉም የደንገሉን ታንኳ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ሐይቅ 3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ስፋት ስላለው፥ ነፋሱ ከደሴቶቹ በቀር የሚያግደው ነገር አያገኝም።

እኔም አንድ ቀን በዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ቆሜ፥ ቅጠሉ በጥቂቱ ብቻ ሲወዛወዝ ባይ፥ «ነፋሱ ቀላል ነውና እንሻገር» ብዬ ቀዛፊውን አቻኰልሁት። እርሱም «ጌታዬ፥ የባሕር ነፋስ ከዛፍ ሥር ሆኖ አይመዘንም፤ ይደሩና ጧት እንሄዳለን» አለኝ። ወደ ዳር ወጥቼ ባየሁ ጊዜ ማዕበሉን ነጭ አረፋ ደፍቶ አገኘሁት።

የነገሩም ምክንያት እንዲህ ነው። ነፋስ በምድር ላይ ሲያልፍ ዛፉም፥ ቤቱም፥ የእርሻውም ትልም በየስፍራው ጸንቶ ቆሞ ይቃወመዋል፤ ኃይሉንም ይቀንስበታል። ማዕበል ግን ለዓይን ከትልም ይልቅ ሸካራ ቢመስልም፥ ከነፋሱ ጋራ አብሮ ስለሚጓዝ ብዙ አይቃወመውም። ነፋሱን ይበልጥ የሚይዙት ታላላቆቹ ማዕበሎች ሳይሆኑ፥ ቀስ ብለው የሚሄዱት ትንንሾቹ ናቸው።

ሊቃውንት ነፋስን የሚያዘገየውን የገጽ ሸካራነት በርዝመት ይለኩታል፤ ይህም የማዕበሉ ወይም የዛፉ ቁመት አይደለም። በዚህ ልክ አጭር ሣር የለበሰ ሜዳ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ጫካ 1 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የውቅያኖስ ገጽ ግን በመጠነኛ ነፋስ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በጫካው ውስጥ የደከመው ነፋስ በውሃው ላይ ብርቱ ነው።

ደግሞም የድንጋይ ሸካራነት ነፋስ ቢበረታም ቢደክምም ያው ነው፤ የውሃን ሸካራነት ግን የሚሠራው ራሱ ነፋሱ ነው። ነፋሱ በበረታ ቍጥር ውሃው ይሻክራል። ይህንንም እንግሊዛዊው ሊቅ ሄንሪ ቻርኖክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. በሒሳብ ደንብ ገልጦታል።

እንግዲህ ቤተ ሰቡን ይዞ ሐይቅ የሚሻገር ሁሉ የዛፍ ጥላ ጸጥታ አያታልለው፤ ውሃውን ወጥቶ ይመልከት፥ የቀዛፊውንም ምክር ይስማ። እኛም አድረን በማግሥቱ ማለዳ ተነሣን፤ ታንኳችንም በዝምተኛው ውሃ ላይ ያለ ሥጋት አሻገረን።