የልጅ ልጄ «ጋዜጣ ክበብ ልግባ» ስትል

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከቤት የሚሰነቅለት ምክር የታወቀ ነው። ትምህርትህን ያዝ፣ ጓደኛ ምረጥ፣ ነገር ውስጥ አትግባ። ሦስተኛውን አጥብቀን የምንናገረው በዕድሜ የገፋነው ነን። ምክንያት አለን።

እኔ የምኖረው ሰበታ ነው፤ ልጄ ደግሞ ቡራዩ። የመጀመሪያ ልጇ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሁለት ወር ሳይሞላት «የተማሪዎች ጋዜጣ ክበብ ልመዘገብ ነው» አለች። እናቷ በስልክ፣ «የሚሰበሰቡት ከክፍል በኋላ ነው፤ በዚያ ምሽት አስኮ ላይ ለታክሲ ልትጋፋ ነው? የምትጽፈውስ አንዱን ቢያስቀይም?» አለችኝ። ልጅቷም በበኩሏ ደወለች። «እማዬ፣ አንቺ ንገሪያት።»

የልጄን ፍርሃት አልናቅኩትም። ታሪክ ያለው ፍርሃት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ስትራግል» የሚባል ኅትመት ነበራቸው። ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች የጻፈው ጽሑፍ በዚያ ላይ የወጣው ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ወር፣ ታኅሣሥ 19፣ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱም ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ተገደሉ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ የመጣውን እኩዮቼ ያውቁታል። ስለዚህ ለብዙ እናት «አትጻፊ» ማለት «አትሙቺብኝ» ማለት ነው።

ነገር ግን ሌላም ትዝታ አለ። በ1965 ዓ.ም. ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን የረሃቡን ፎቶግራፎች ይዘው መጥተው ለግቢው ሰው አሳዩ። ያኔ ረሃቡ በይፋ አይወራም ነበር። ዕድሜዬን በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለእኔ ተረት ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ተለውጧል። «ስትራግል»ም ሆነ ከእሱ በፊት የነበረው «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ይቅርና የቆጠረውም ልጁ ምን እንደጻፈ አያውቅም ነበር። የልጅ ልጄ ግን የምትጽፈው በአማርኛ ነው። አንብበን መምከር እንችላለን።

ቅዳሜ ቡራዩ ሄጄ ሦስታችንም ቡና ላይ ተቀመጥን። ጽሑፉን ማን ያርማል? ኃላፊ መምህር አለው? በስንት ሰዓት ትለቀቃላችሁ? ብዬ ጠየቅኳት። ሁሉንም መለሰች። ከዚያ የመጀመሪያ ጽሑፏን አወጣች። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለሱ ስለሚማሩ ተማሪዎች ነው። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል፤ የተማሪው መንገድ ግን አላጠረም።

«ሁሉም ተማሪ በትራንስፖርት ይሰቃያል» ይላል።

«ስንቱን ጠየቅሽ፣ የኔ እናት?»

«አራት።»

«እንግዲያው አራት ብለሽ ጻፊ።»

በእኛ ሙያ ካርድ ላይ «ትኩሳት አለባት» ብቻ ተብሎ አይጻፍም። ስንት ዲግሪ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ለካ ይባላል፤ ይፈረምበታል። የሕመምተኛ ምስጢርም ያለፈቃዱ አይወጣም። ይህን ነገርኳት። የልጅን ብዕር ሙሉ በሙሉ ከክፉ የሚጠብቅ ነገር የለም፤ በቁጥርና በምስክር የተጻፈ ነገር ግን ሲጠየቁበት የሚቆሙበት መሬት አለው። እሷም ተመልሳ ሰባት ልጆች ጨመረች። አንዷ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግራ የምትመጣ ናት፤ ስሜ አይጻፍ ስላለች ስሟ ቀረ።

እናቷ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንድትሄድና ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ታክሲ እንድትይዝ አዝዛ ፈቀደች። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ የእኔም እንደዚያው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ልጻፍ» ሲላችሁ ከመከልከላችሁ በፊት «እስቲ አሳየኝ» በሉት። በራችሁን ዘግታችሁ ብትከለክሉት ተደብቆ ይጽፋል፤ ያኔ ደግሞ «ስንቱን ጠየቅህ?» የሚለው ሰው አያገኝም።

ጽሑፉ የወጣ ዕለት ማታ ልጄ ደወለችልኝ። ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። «ጥሩ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ «አንድ ቃል ላይ ግን ፊደል ስታለች፤ ለሚቀጥለው እኔ አይላታለሁ።»