ያልተቀለበው አንበሳ

ለልጆች በሠራሁት የካርታ ጨዋታ ውስጥ አንድ ክፉ ደንብ አለ። ያስጻፈኝ ስንፍና ነው፤ እንዳላርመው ያደረገኝ ደግሞ ይሉኝታ ሳይሆን ጥድፊያ።

ጨዋታው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የእንስሳት ማቆያ ኃላፊ ይሆናል። ካርታው ሦስት ዓይነት ነው፦ እንስሳ፣ አጥርና ቀለብ። ተበውዞ ይታደላል፤ በየዙሩ አንድ ይሳባል፤ እንስሳው አጥር ውስጥ ይገባና ዙሩ ሲያልቅ ይቀለባል። ኮንከር የሚችል ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ክፉው ደንብ 4ኛው ነው፦ «ያልተቀለበ እንስሳ ወደ ክምሩ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ሌላ ይስባል።» ጨዋታው እንዳይንዛዛ ብዬ የጻፍኩት ነው። የእህቴ ልጅ ግን ወዲያው ነቃችበት። ባለ 5 ነጥቡን አንበሳ መቀለብ 3 የቀለብ ካርታ ያስወጣል፤ ማስራቡ በነፃ ነው፣ ምትክም ያመጣል። «አጎቴ፣ ይሄንን ጦሙን ላሳድረው» አለችና አንበሳውን ገልብጣ መለሰችው። ቀይ ቀበሮ ወጣላት፤ አሸነፈች። እኔም «ጎበዝ!» ብዬ አጨበጨብኩ።

(ቀይ ቀበሮውንም ባላስገባው ይሻል ነበር። በዓለም ላይ ባለ በየትኛውም የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የለም፤ ባሌንና ሰሜንን በመሳሰሉ ተራሮች ላይ አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖር ነው።)

የ4ኛው ደንብ ስህተት እዚያው ገብቶኛል፤ አልክድም። ነገር ግን ካርታው ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፤ ደንቡ ከተነካ የሁሉም እንስሳ ነጥብ እንደ አዲስ ሊሰላ ነው። «ጨዋታ አይደል እንዴ?» ብዬ አሳለፍኩት። ከዚያ ለክረምት ትምህርት ልጆች ታደለ። እነሱም እያስራቡ መሳቡን ለመዱት፤ ካርታውን ሲመልሱ «ሞተ!» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ያንን ሳቅ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ሚሻኤል ሻኽት የሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ የተሸለመውን ዞሎሬቶን አውቀዋለሁ። እዚያ ወንድና ሴት ሲገናኙ የሚወለደው ግልገል ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ያጣ እንስሳ በረት ይገባል፤ በረት ውስጥ የቀረ እያንዳንዱ የእንስሳ ዓይነት በመጨረሻ 2 ነጥብ ያስቀንሳል። በእኔ ጨዋታ ደቦል ሲወለድ ትርፍ ብቻ ነው፤ አጥርም ቀለብም አይጠይቅም።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ፣ ቦታና ገንዘብ በማጣቱ ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዜና ወኪሎች ሲዘግቡ ተቆጥቼ ነበር። «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ያልኩት ሰውዬ ያንኑ ስሌት በካርቶን አሳትሜ ለልጆች አደልኩ። አንበሳ ግቢውን የቸገረው ቦታና ገንዘብ ነው፤ እኔን የቸገረኝ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ መደመርና መቀነስ።

ጨዋታው እጃችሁ የገባ ወላጆችና መምህራን፣ 4ኛውን ደንብ በእስክሪብቶ ሰርዙልኝ። ያልተቀለበ እንስሳ እዚያው አጥሩ ውስጥ ይቆይ፤ በየዙሩም ከባለቤቱ 2 ነጥብ ይቀነስ። ደቦልም እንደ እናቱ አጥርና ቀለብ ይኑረው። ጨዋታው ይረዝማል፤ ይርዘም።