ወገቤ ላይ የማስራት ቦርሳ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ለገና ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከመስከረም ወዲህ አዋሽ ፈንታሌ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናወጥ አዲስ አበባ ላለነውም ንዝረቱ ይደርሰን ነበር። የዚያን ሌሊቱ ግን በሬክተር መለኪያ ከ5.5 በላይ ነበርና አራተኛ ፎቅ ያለው ቤታችን ተወዛወዘ። ቁምሳጥኑ ተንገጫገጨ፤ ኮሪደሩን «እግዚኦ!» የሚል ጩኸት ሞላው።

ደረጃው ጨለማ ነበር፤ ሰው ግድግዳ እየዳሰሰ ይወርዳል። ግቢው ውስጥ ስንሰበሰብ ብዙው ሰው ባዶ እግሩን ነው። አንዱ ስልኩ ጠፍቶበት የእህቱን ቁጥር ማስታወስ አቃተው። የስኳር ሕመም ያለባቸው ጎረቤታችን ደግሞ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ኪኒኔ እላይ ቀረ» አሉኝ። ወደዚያ ሕንፃ ተመልሶ የሚገባ ሰው አልነበረም።

ቦርሳዬን ያሰናዳሁት ያን ሌሊት የጎደለንን አንድ በአንድ እያሰብኩ ነው። ለጨለማው ትንሽ የእጅ ባትሪ፤ ለስልኩ ፓወር ባንክ፤ ስልኩ ጨርሶ ቢጠፋ ደግሞ የቤተሰቤ ቁጥሮች፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 የተጻፉባት ወረቀት። ፊሽካም ጨመርኩ፤ ፍርስራሽ ሥር የቀረ ሰው ሲጮኽ ቶሎ ይደክማል፣ ፊሽካ ግን በትንሽ ትንፋሽ ሩቅ ይሰማል። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ለአቧራው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የመታወቂያ ኮፒና ዝርዝር ብር አስከተልኩ። የሚበላውን እናቴን ጠየቅኋት። «በሶ ያዢ፤ እሳት አይፈልግ፣ ቶሎ አይበላሽ» አለችኝ።

ጎረቤታችንም የራሳቸውን ቦርሳ አሰናዱ፦ ኪኒናቸው፣ ስኳራቸው ድንገት ቢወርድ የሚቀምሱት ከረሜላ፣ የሐኪም ማዘዣቸው። ጫማቸው ከአልጋቸው ሥር አይጠፋም።

ትልቅ ሻንጣ ያልመረጥኩት ቁምሳጥን ላይ ተሰቅሎ ስለሚቀር ነው። አደጋ ሰውን ሁልጊዜ ቤቱ አያገኘውም፤ ወገብ ላይ የምትታሰር ቦርሳ ግን ሥራ ቦታም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ገበያም አብራ ትውላለች። ወር በገባ ቁጥር ባትሪውን አብርቼ አያለሁ፤ በሶውን እቀይራለሁ።

የብሎካችን ነዋሪዎች ስለ ጥበቃና ጽዳት ለመነጋገር ስንሰበሰብ ይህንንም አነሳለሁ፦ በየቤቱ ቢያንስ ባትሪና ፊሽካ ትራስጌ ይኑር። ስምጥ ሸለቆው ዛሬም እየሰፋ ነው፤ ከተማችንም ፎቅ በፎቅ ላይ እየጨመረች ነው። በመካከላቸው የምንኖር ሰዎች ሳንዘጋጅ ማደር የለብንም።